የአናጢው ድንበሩ ሣጥን

ያኔ ነው እንግዲህ፣ ጥድ አፋፍ ላይ ከቤቱ ጥዱ በሚበዛበት ዘመን፣ አያቴ ጺሙ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ ድንበሩ የሚባል አናጢ እዚህ መንደር ይኖር ነበረ። ዝም ብላችሁ ስሙኝ። መሐል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ እተወዋለሁ፤ ታውቁኛላችሁ።

ድንበሩ ድሃ ነበረ። መሬት አልነበረውም። አንድ በሬ ነበረው፤ እሱንም ሸጠው። ለምን ሸጠው አትሉም? የጀርመን መላጊያ ሊገዛበት። አገር ጉድ አለ። በሬ ሸጦ እንጨት መላጊያ የሚገዛ ሰው ያኔም አልታየ፣ ዛሬም አይታይም።

ባቡር ጣቢያው ያለበት ከተማ ድረስ ሦስት ቀን በእግሩ ይሄዳል። እዚያ የፈረንጅ ዕቃ የሚሸጡ የግሪክና የአርመን ሱቆች ነበሩ። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆችም አገራቸው ሲገቡ የእጅ መሣሪያቸውን ለሱቆቹ ሸጠው ይሄዱ ነበር። ሌላው ሰው ጨውና ሻማ ገዝቶ ይመለሳል። ድንበሩ መሮ ገዝቶ ይመለሳል። በዓመቱ ደግሞ ይሄዳል። ሞረድ ገዝቶ ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ የእንግሊዝ መሮ አገኘ፣ የፈረንሳይ ሞረድ አገኘ፣ በሁለት ሰው የሚሳብ ረጅም የስዊድን መጋዝ አገኘ። ፊደል አልቆጠረም። የሚለያቸው ብረቱ ላይ በተመታው ማኅተም ነው። ባለ ደወሉ፣ ባለ ዳክዬዋ እያለ ይጠራቸዋል። ልጅ አልወለደም፤ እንግዲህ ስም ያወጣው ለእነሱ ነው።

ሰብስቦ ብቻ ቢያስቀምጥ አንድ ነገር ነበር። እሱ ግን ያወዳድራል። ግቢው መሐል የወይራ ግንድ ተክሏል። አዲስ መሮ ባመጣ ቁጥር ወይራው ላይ አርባ ጊዜ ይመታበታል። አርባ ነው፤ አንድ አይጨምርም፣ አንድ አይቀንስም። ከዚያ በመሮው አፍ የግራ ክንዱን ጠጉር ይላጫል። ከላጨለት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ደስ ብሎት ይውላል። ካልላጨለት ይቀየማል፤ ከሰው ጋር እንደተጣላ ሁሉ ምሳ አይበላም። በዚሁ የተነሳ ግራ ክንዱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ ቀረ። የማን አገር ብረት እንደሚበልጥ ሳላውቅማ አልሞትም ይል ነበር።

መትቶ፣ ላጭቶ ሲጨርስ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ሣጥኑን ራስጌው አድርጎ ይተኛል። ሚስቱ አሰገደች የት ትተኛ ነበር ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ።

አንድ ክፉ ነገር ግን ነበረበት። አያውስም። እህል ብትጠይቁት ካለው ላይ ይሰጣል። ጉልበት ብትጠይቁት ቀኑን ሙሉ በነፃ ይሠራላችኋል። መሣሪያውን ካላችሁት ግን ወይ ፍንክች! እኔ ካልያዝኩት አይሆንም ይላል፤ አለቀ። ለእሱ ያ መሣሪያ በሰው እጅ ቢደንዝ የስንት ዓመት ልፋቱ ውሃ በላው ማለት ነው። ማወዳደሩም በዚያው ቀረ ማለት ነው። እኔ አልፈርድበትም። ሰው የሚሳሳለት ነገር አያጣም።

እንግዲህ ሦስት ነገር ደረሰበት።

የመጀመሪያው ገበያ ላይ ነው። የደብሩ ጣሪያ ሊታደስ ስለነበረ አናጢው ሁሉ መሮ ይፈልግ ነበር። አንድ ነጋዴ ይህን ሰምቶ በሁለት በቅሎ መሮ ጭኖ መጣ። መሮው ያብረቀርቃል። የደወል ማኅተምም አለበት። የጥድ አፋፍ አናጢዎች ተሻሙበት። ድንበሩም መጣና አንዱን አነሳ። አገላበጠው። በጥፍሩ መታ አድርጎ ጆሮው ላይ አስጠጋው። ይህ የእኔ ደወል አይደለም አለ። ነጋዴው ሳቀበት፤ ፈረንጅ የሠራውን አንተ ነህ የምትመረምረው ብሎ ሰው ፊት አዋረደው። ድንበሩ የከብት ተራው አጥር ላይ የወይራ ቋሚ አየና በመሮው መምታት ጀመረ። አንድ አለ፣ ሁለት አለ። አሥራ አንደኛው ላይ የመሮው አፍ እንደ ቅጠል ታጠፈ። ሌላ አነሳ። እሱ ዘጠኝም አልደረሰ። ለካ ከየትም የለቃቀሙትን ቁርጥራጭ ብረት ቀጥቅጠው ማኅተም የመቱበት ኖሯል። ነጋዴው ፊቱ አመድ መሰለ፤ የሰዉን ገንዘብ መልሶ በቅሎዎቹን እየነዳ ውልቅ አለ።

አናጢዎቹ ድንበሩን አቅፈው ሳሙት። ከመካከላቸው ጥላዬ የሚባለው ወጣት፣ እንግዲያው ለጣሪያው ሥራ የራስህን አውሰን አለው። ድንበሩ እምቢ አለ። እኔ ራሴ እመጣለሁ አለ። እውነትም መጣ፤ ሁለት ወር ሙሉ በነፃ ሠራ። እሱ በስል መሮ ይሠራል፣ ሌሎቹ በዶልዱም ይታገላሉ። ሰዉ አመሰገነውም፣ ታዘበውም።

ሁለተኛው የከፋው ነው። ጥላዬ ሙሉነሽ የምትባል ልጅ አገባና ከአፋፉ ሥር፣ ከትልቁ ጥድ ግርጌ፣ ቤት መሥራት ጀመረ። ክረምቱ እየገባ ነው። መጋዙ ዝገት የበላው፣ ጥርሱ የወላለቀ ነው። ወደ ድንበሩ መጣ፣ ለመነ፣ ተመለሰ። በማግስቱም መጣ፣ ለመነ፣ ተመለሰ። በሦስተኛውም ቀን መጣ፣ ለመነ፣ ተመለሰ። ድንበሩ የሰው ሥራ ይዞ ነበርና፣ ይህን ልጨርስና ይዤው እመጣለሁ አለው። ዝናብ ደግሞ ድንበሩን አይጠብቅም። ጥላዬ በዚያ በዝገታም መጋዝ ቋሚ ሊቆርጥ ገባ። መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ተነከሰ። በኃይል ሲስበው ተፈናጥሮ ወጣና የቀኝ አውራ ጣቱን ይዞት ሄደ።

አናጢ ነው እንግዲህ፤ ያለ አውራ ጣት ምን ይጨብጣል?

ድንበሩ ይህን ሲሰማ የሚገባበት ጠፋው። አንድ ማሰሮ ማር ተሸክሞ ሊጠይቅ ሄደ። ሙሉነሽ በሩ ላይ ቆማለች። አልተቆጣችም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

“ጋሽ ድንበሩ፣ መጋዝዎ ደኅና ነው?” አለችው።

ይህን ብቻ ነው ያለችው። ድንበሩ ማሰሮውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲያ ወይራው ላይ መምታት ተወ። የግራ ክንዱም ጠጉር አበቀለ። ሰዉ ሰላምታ አልነፈገውም፤ ነገር ግን እሱ ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል። ሣጥኑን ከፍቶ ያያል፣ መልሶ ይዘጋል። ያን ያህል ሰው የሚወድ ሰው በአንድ ሣጥን ብረት የተነሳ ብቻውን ሊቀር ሆነ።

ሦስተኛው በዓመቱ በነሐሴ ነው። ሦስት ቀን ያላቋረጠ ዝናብ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ያ ትልቁ ጥድ ከነሥሩ ተነቅሎ በጥላዬ ቤት ላይ ተጋደመ። ጥላዬ ከብት ሊያወጣ ደጅ ነበርና ተረፈ። ሙሉነሽ ግን ከውስጥ ናት። እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። ጣሪያው ተጭኗታል፣ ጥዱ ጣሪያውን ተጭኖታል። ድምፅዋ ይሰማል።

አገር ምሳሩን ይዞ ወጣ። አንዱ ግንዱን አንዴ መታው። ግንዱ ነቅነቅ አለና አንድ ስንዝር ወደ ታች ሰመጠ። ሙሉነሽ ጮኸች። ሌላው አንዴ መታ። አሁንም ሰመጠ። ሽማግሌዎቹ ምሳር ይቁም አሉ። ምሳር ያናውጣል፤ ሳይናወጥ በመጋዝና በመሮ ቀስ ተብሎ ካልተቆረጠ ሴትዮዋን ይጨርሳታል። ቢሞክሩትም መጋዞቻቸው በእርጥቡ እንጨት ይነከሳሉ፣ መሮዎቻቸው አይበሉም። ጥላዬ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ በጁ ይቧጥጣል።

ማንም ድንበሩን አልጠራውም። ሦስቴ ተለምኖ እምቢ ያለን ሰው ማን ይጠራዋል?

እሱ ግን መጣ። ሣጥኑን በራሱ ተሸክሞ፣ በዚያ ድጥ ላይ እየወደቀና እየተነሳ መጣ። ዝናቡ ውስጥ ሣጥኑን ከፈተው። ያንን ዘይት የነካ ጨርቅ ገፎ ጣለው። የእያንዳንዱን መሣሪያ ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቅ እሱ ነውና፣ አሁን የሰዉን እጅ እያየ ማደል ጀመረ። እጀ ከባዱን፣ አንተ ባለ ደወሉን ያዝ፣ እሱ ዱላ ይችላል አለው። ለአያቴ ባለ ዳክዬዋን ሰጠው፤ ይቺ ቁጡ ናት፣ ቀስ አድርገህ ያዛት አለው። ሣጥኑ ባዶ እስኪሆን አደለ። ግንዱ ጭቃና ጠጠር የጠጣ ነው። ጠጠር የብረት አፍ ምን እንደሚያደርገው ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የቀረው ረጅሙ የስዊድን መጋዝ ነው። አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ። ሌላውን ጫፍ ለጥላዬ ዘረጋለት። ጥላዬ ቀና ብሎ አየው። ያለ አውራ ጣት እንዴት ይጨብጠው? ድንበሩ ከነጠላው ዳር ቀደደና የጥላዬን እጅ ከመጋዙ እጀታ ጋር ጠፍሮ አሰረለት። ሳቡ። መጋዙ ጠጠር ባገኘ ቁጥር ሲጢጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ድንበሩ ዓይኑን ይጨፍናል፣ መሳቡን ግን አያቆምም። አንድ ጥርስ ረገፈ፣ ሳቡ። ሌላ ጥርስ ረገፈ፣ ሳቡ። ሌሎቹም ከጎን ከጎን ይጠርባሉ። እኩለ ቀን ላይ ግንዱ ሁለት ሆነ። አንስተው አንከባለሉት። ሙሉነሽ እግሯ ተሰብሮ፣ ነፍሷ ግን ተርፋ ወጣች። በስምንተኛው ቀን ሴት ልጅ ወለደች።

ድንበሩ መሣሪያውን አልሰበሰበም። ባዶ ሣጥኑን ይዞ ቤቱ ገባ። አሰገደች እግሩን አጠበችው። እሱም አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ሣጥኑን ራስጌው መመለሱን ትቶ ለእህል ማስቀመጫ ይሁንሽ አላት።

ዝናቡ ሲያባራ ሰዉ አንድ በአንድ መጣ። መሮውን ስሎ፣ ጭቃውን አጥቦ፣ እጀታው የተሰበረውንም አዲስ አግብቶ መጣ። ድንበሩ ሁሉንም አየ፣ ሁሉንም መለሰላቸው። እናንተው ጋ ይሁን፣ ሲያምረኝ ቤታችሁ መጥቼ አያቸዋለሁ አለ። በመጨረሻ ጥላዬ መጣ። መጋዙን በሁለት እጁ ይዞታል።

“ጋሽ ድንበሩ፣ ጥርሱ አልቋል። እንዴት አድርጌ እንደምመልሰው አላውቅም” አለ።

ድንበሩ መጋዙን አላየውም። የጥላዬን እጅ ነው ያየው።

“ሦስቴ ለመንከኝ” አለ። “ልጄ፣ ሳትለምነኝ ላመጣልህ ይገባኝ ነበር።”

ሁለቱም አለቀሱ ይላል አያቴ። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው የመጋዙን ጥርስ በፈረንሳዩ ሞረድ እንደገና አወጡት። ሳምንት ፈጀባቸው። ጥላዬም በአራት ጣቱ መያዝ ለመደ።

ድንበሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ማወዳደሩን አልተወም። ከቤት ቤት እየዞረ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ ድምፁን ሰምቶ ይህ ጀርመኑ ነው፣ ይህ እንግሊዙ ነው ይላል። ሊሞት ሲል፣ ታዲያ የማን አገር በለጠ ብለው ጠየቁት። ገና የሦስት ሰው ቤት ይቀረኛል አለ። ሳይጨርስ ሞተ፤ ነፍሱን ይማር።

እንግዲህ ጥድ አፋፍ ላይ መሣሪያ የማይለመነው ለዚህ ነው። እንግዶች ይገርማቸዋል። አንድ ሰው ቤት ሊሠራ የመጀመሪያውን ቋሚ ሲተክል የመዶሻው ድምፅ ይሰማል፤ የሰማ ሁሉ ካለው መሣሪያ የሚሳሳለትን አንዱን ይዞ ሳይጠራ ይሄዳል። ደጃፉ ላይ አስቀምጦለት ይመለሳል። ይመልስልኝ አይልም። ዶልዱሙን የወሰደማ ስሙ አይነሳ።

ባለፈው ማክሰኞ ያ ከእኔ ጋር በድንበር የተካሰሰው ጎረቤቴ ቋሚ መትከል ጀመረ። ሰማሁት። እንዳልሰማ ሆኜ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ሆዴ እምቢ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ተነሳሁና ከአያቴ የደረሰኝን ባለ ዳክዬዋን መሮ ከማገሩ መዘዝኩ። ድንጋይ ላይ ሳልኳት። ሳይለምነኝ ወሰድኩለት።