አበልጅ ዋጋ አይጠየቅም

አንዲት ሴት ነበረች፤ የሦስት ልጆች እናት። ባሏ ፍቺ ጠየቀና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ። ያላቸው ንብረት አንድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆቿ ከዚያ ቤት እንዳይወጡ።

ጠበቃ ያስፈልጋት ነበር። ወዴት ሄደች መሰላችሁ? አበልጇ ዘንድ ነዋ! አቶ ምንዳዬ ጠበቃ ነው፤ የመጨረሻ ልጇን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ቢሮው ገብታ ችግሯን ነገረችው። ከዚያ እየፈራች «ክፍያው…» ስትል አላስጨረሳትም።

«ተይ እንጂ አበልጅ! በእኛ መሀል ደግሞ የገንዘብ ወሬ ምን ያደርጋል? እዚህች ጋ ፈርሚልኝ ብቻ።»

ፈረመች። አነበበችው? አላነበበችም። የአበልጅን ወረቀት ፊቱ ተቀምጦ ማንበብ ነውር መስሎ ታያት። እናንተስ ብትሆኑ ታነቡት ነበር? እውነቱን ተናገሩ!

ሰውየውን አላማውም፤ ሥራውን በሚገባ ሠራ። ዘጠኝ ቀጠሮ ቆመላት። ፍርድ ቤቱም ቤቱ የሁለቱ እኩል ነው አለ። ባልየው እንኳ «ግማሼን በገንዘብ ትስጠኝና ቤቱ ይቅርላት» አለ። ሦስት ወር ተሰጣት። ዕቁቧ ወጥቶላት ነበር፤ ወንድሟም ጨመረላትና ገንዘቡ ልክ ሞላ። እሰይ አትሉም?

በዚያው ሳምንት አቶ ምንዳዬ ሒሳቡን አመጣ። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሚከፈል፣ በዚያ ላይ ከድርሻዋ ከመቶ አሥር።

«አበልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ወረቀቱ ላይ አለ እኮ። ያነበብሽው መስሎኝ!»

«በአፍህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አፈርኩ» አላት።

«እኔም አፍሬ ነው ያልጠየቅሁህ።»

ከፈለች። በየወሩ ከፋፍዬ ልስጥህ ማለትስ? እሱንም አፈረች። ለባሏ የያዘችው ገንዘብ ጎደለ፤ ሦስቱ ወር አለፈ፤ ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። እሱም በኋላ ሰምቶ «ብትነግሪኝ እኮ እታገሥ ነበር» አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተፋፍረው ሦስት ልጆች ከቤታቸው ወጡ!

ምእመናን፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ትከራከራላችሁ። ሻጯን ጥላችሁ ትሄዳላችሁ፤ ተመልሳችሁም ትመጣላችሁ። ለቤታችሁ፣ ለልጆቻችሁ ቀለብ ሲሆን ግን ዋጋ መጠየቅ ያሳፍራችኋል? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

ጠይቁ። በየቀጠሮው ነው ወይስ በጠቅላላው? መሀል ላይ ብንታረቅስ? ከፋፍዬ ብከፍልስ? ማንበብ የማትችሉ አስነብቡ። አቅም የሌላችሁ፣ በነጻ የሚቆም ጠበቃ ይኖር እንደሆነ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ። እናንተም ጠበቆች፣ እዚህ የተቀመጣችሁ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፤ ዋጋችሁን በአፋችሁ ተናገሩ።

እነዚያ ሁለቱ ዝም ያሉት አበልጅነታቸው እንዳይበላሽ ብለው ነበር። ዛሬ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ ይታጠፋል። ልጁም የክርስትና አባቱን ካየ ዓመት አለፈው።

እንግዲህ ነገ ጠበቃ ዘንድ የምትሄዱ፣ አበልጃችሁም ቢሆን፣ ከመፈረማችሁ በፊት «ስንት ነው?» በሉ። በሉ እስቲ፣ አሁን እዚሁ ተለማመዱት፤ «ስንት ነው?»

አልሰማኋችሁም። ድገሙት።