አያ ጅቦ ያነከሰበት መቆሚያ

አንድ ጊዜ፣ ግራና ቀኙ ገደል በሆነ ወንዝ አጠገብ፣ የፊት እግሯ የተሰበረ አህያ ትኖር ነበር። ሌላው እንስሳ ገደሉን ወርዶ ይጠጣል። እሷ ግን መጠጣት የምትችለው ከአንዲት ለጥ ያለች መቆሚያ ላይ ብቻ ነው። ጌታ አንበሳም ይህን አይቶ መቆሚያዋ ላይ ነጭ ድንጋይ አስተከለና፣ «ይህ ቦታ እግሩ ለተጎዳ ብቻ ነው፤ ወንዙ ዳር መበላላትም ክልክል ነው!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

አዋጁስ መልካም ነበር። አንበሳ ግን አንድ ነው፤ ወንዝ ዳር ተጎልቶ አይውልም። ይህን ያወቀው አያ ጅቦ በየቀኑ እየመጣ መቆሚያዋ ላይ ሆዱን ዘርግቶ ይተኛባታል።

«አያ ጅቦ፣ እባክህ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» ትለዋለች አህያ።

«አሁን እነሳለሁ፤ ትንሽ ላሸልብ!»

«ትናንትም እንዲሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ትናንት አለፈ፤ ምን ቂም ያስይዝሻል?»

ሦስት ቀን ውሃ ሳትቀምስ ቀረች። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። በሦስተኛው ቀን ከዛፍ ሥር ወድቃ፣ «ውሃ እያየሁ ልሞት ነው» አለች።

ይህን ቀበሮ፣ ኤሊና ጅግራ ሰሙ። የእነሱ እግር ደህና ነው፤ ያዘዛቸውም የለም። ግን አንበሳ ዘንድ ሄደው፣ «ጌታችን፣ ዓይን እንሁንልህ፤ ደመወዝ አንጠይቅም» አሉት።

«መንከስ የለም፣ መሳደብ የለም» አለ አንበሳ። «ያጠፋ ስታዩ ቅጠል ከፊቱ አስቀምጡና ንገሩት። እምቢ ካለ ጥሩኝ።»

ኤሊ እያዘገመች ሄዳ ቅጠሉን ከጅቡ አፍንጫ ሥር አኖረች። ጅቡ አሸተተው። በላው።

«የበላኸው እኮ ማስጠንቀቂያ ነው!» አለች ጅግራ።

«ጨው ያንሰዋል» አለ ጅቡ። «ደግሞስ ጥፋቴ ምንድን ነው? እኔስ አንካሳ አይደለሁ? ኋላዬን እዩት! አባቴም አያቴም ሲያነክሱ የኖሩ ናቸው!»

ኤሊ ግራ ገባት። እውነትም ጅብ ሲሄድ ያነክሳል። ከወደቀችበት ሆና የሰማችው አህያም ተስፋዋን ቆረጠች። ቀበሮ ግን ለጅግራ አንድ ነገር ሹክ አለቻት፤ ጅግራም ብር ብላ ሄደች።

«ውይ፣ ይቅርታህን አያ ጅቦ!» አለች ቀበሮ። «አላወቅንም ነበር፣ ምስኪን! እንግዲያው ያ የጎሽ ጎድን አመለጠህ ማለት ነው።»

«የምን ጎድን?»

«ጌታ አንበሳ እዚያ ጉብታ ላይ የመጣ ሁሉ ይቋደስ ብሎ ነበር። ግን ዳገት ነው፤ አንተ ደግሞ በዚህ እግርህ...»

አላስጨረሳትም። ያ ዘር ማንዘሩ ያነክስ የነበረው ገደሉን በሦስት ዝላይ ወጥቶ ጉብታው ጫፍ ላይ ዱብ አለ። እዚያ ጎድን የለም። ጅግራ የጠራችው አንበሳ ብቻ ተቀምጧል።

«እግርህን እንዴት አደረገህ?» አለው አንበሳ።

«አሁን... አሁን ገና ተሻለኝ፣ ጌታዬ!»

«እሰይ! እንግዲያው በተሻለው እግርህ ወደ መቆሚያዋ የሚወስደውን መንገድ ድንጋዩን ልቀም። እስክትጨርስ የምትጠጣው ከገደሉ ነው።»

አህያዋ እንደምንም ተነስታ በኤሊ እርምጃ ቀስ እያለች ወደ መቆሚያዋ ወረደች። ትንፋሽ እስኪያጥራት ጠጣች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የእኔ ጥም ለእናንተ ምናችሁ ነበር? እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ እንባዋ ውሃው ላይ ይንጠባጠባል።

«ዝም ብለሽ ጠጪ» አለቻት ቀበሮ።

«ዝምስ አልልም! ከነገ ጀምሮ ከእናንተ ጋር ነኝ። መሮጥ አልችልም፤ በመጮህ ግን ማን ይተካከለኛል?»

ከዚያ ወዲህ ነጩ ድንጋይ አጠገብ ያለቦታው የተጋደመ ከተገኘ አህያዋ አንዴ ታናፋለች፤ ጫካው በሙሉ ዞር ብሎ ያየዋል። አያ ጅቦም ድንጋይ እየለቀመ አንገቱን ይደፋል።

ከዚህ የምንማረው የተጎዳ ሰው ቦታ በአዋጅ ብቻ እንደማይከበር፣ እግሩ ደህና የሆነው ሁሉ ሳይታዘዝ ቆሞ ሲጠብቅለት ግን እንደሚከበር ነው።