ጠጅ ተብሎ የተቀዳው ብርዝ

አንዲት ጠጅ ጣይ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ በእጇ ጥበብ የምትኖር ሴት ናት። በዚያ ከተማ እሷን የሚያህል ጠጅ ጣይ አልነበረም።

የእሷን ነገር የማነሣው ስለ ጠየቅኸኝ ነው፣ ደምለው። በሰው ሠርግ ላይ ወንድምህን በዱላ መትተህ ክንዱን ሰበርህ። አሁን ሽማግሌ ልትልክበት ነው። «የኔታ፣ ያን ያደረግሁት እኔ ነኝ ወይስ መጠጡ?» አልኸኝ። እንግዲያስ ቁጭ በልና ስማ።

ወደዚህች ሴት ቤት አንድ ሊቅ መጣ። የሰውን ጠባይ የሚመረምር ሰው ነበር። ሰዎች ጠጥተው ሲሳደቡ፣ ሲደባደቡ፣ ሲያለቅሱ ያያል፤ ሲነጋ ሁሉም በመጠጡ ያመካኛሉ። እሱ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መጠጡ ነው ወይስ «ጠጥቻለሁ» የሚለው ሐሳብ ብቻውን ይበቃል?

«እትዬ፣ እዚሁ ድግስ ልደግስ ነውና ሁለት ጋን ያዘጋጁልኝ» አላት። «በአንዱ ጠጅ ይሁን። በሌላው ብርዝ ይሁን፤ ግን የቀመሰው ሁሉ ጠጅ ነው ብሎ ይማል።»

«ማር በውኃ በጥብጬ ጠጅ ነው ብዬ ለሰው ላቅርብ? ስሜስ?»

«ከእርስዎና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ጠጪው ካወቀ ግን ድካማችን ከንቱ ነው። ለማንም ላይናገሩ ይማሉልኝ።»

ጥቂት አመነታችና ማለች።

ሥራውን ከጀመረችው በኋላ ወደደችው። ጠጁን እንደ ልማዷ ጣለች፤ ጋኑን በወይራ አጠነች፣ ማሩን በጠበጠች፣ ጌሾውን ጨመረች፣ እስኪፈላም ጠበቀች። ያስቸገራት ብርዙ ነው። ማርና ውኃ ብቻውን ይጣፍጣል እንጂ ጠጪ አያታልልም። ስለዚህ ጌሾ ለብቻው ቀቀለችና መራራውን ውኃ አጥልላ አቀዘቀዘች፤ ድግሱ ሊጀመር ሲልም ከብርዙ ጋር ቀላቀለችው፤ ለመፍላት ጊዜ አልሰጠችውም። አረፋ እስኪይዝም አማሰለችው። በመጨረሻ የብርሌዎቹን አፍ አረቄ በነካ ጨርቅ አበሰች፤ ሽታው ገና ከመጠጣታቸው በፊት እንዲቀበላቸው። ቀመሰችውና ሳቀች። ዓይኗን ብትጨፍን እሷም ባልለየችው ነበር።

ከተጠሩት ሰዎች መካከል አንድ አናጢ ነበር። አናጢው ሳይጠጣ ሲውል ዝምተኛ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው ነው። ጠጥቶ ሲገባ ግን ሚስቱን ይደበድባል። ሲነጋ እግሯ ላይ ወድቆ፣ «እኔ አይደለሁም፤ ያ ርጉም መጠጥ ነው» እያለ ያለቅሳል። እሷም አምናው ኖረች። ለጎረቤት፣ «ባሌ ጠጅ ካልቀመሰ በግ ነው» ትል ነበር፤ ጎረቤቱም ይህንኑ ይል ነበር። እሱ ድግስ የሄደ ዕለት ከወንዙ ማዶ እኅቷ ቤት ታድራለች። እንዲህ እያደረጉ ትዳራቸውን አቆዩት።

የድግሱ ዕለት ሊቁ በጠጅ ጣይዋ ግቢ የተጣለውን ዳስ ለሁለት ከፈለው። በቀኝ ለተቀመጡት ጠጅ፣ በግራ ለተቀመጡት ብርዝ ይቀዳ ብሎ አዘዘ። አናጢው በግራ ነበር።

ብርሌው ሲደጋገም አናጢው ፊቱ ቀላ፣ ምላሱ ተሳሰረ፣ ዘፈን አወጣ። ሊነሣ ሲልም ተንገዳገደና በጎረቤቱ ትከሻ ተደገፈ። ጠጅ ጣይዋ ከጓዳ ሆና ይህን ስታይ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። መጀመሪያ ሳቋን ይዛ ነበር፤ ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋባት።

በዚህ መካከል አንድ ግዙፍ ነጋዴ፣ «ለቤቴ የሠራህልኝ በር ጠማማ ነው፤ እንደ ሠሪው!» አለው። ዳሱ በሙሉ ሳቀ። አናጢው ጥርሱን ነከሰ። ነጋዴውን ከእግር እስከ ራሱ አየውና አብሮ ሳቀ። ብርሌውንም ለጤናው ብሎ አነሣለት።

ፀሐይ አቆልቁላ ሳለ የአናጢው ሚስት በጓሮ በር መጣች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯም ገብቷል። እግሯ አብጦ ግድግዳ ይዛ ነበር የቆመችው።

«እትዬ፣ ብዙ ጠጣ?» አለቻት። «ማዶ ልሻገር ወይስ ቤቴ ልግባ? ዳገቱን የምችለው አልመስልሽ ብሎኛል።»

ጠጅ ጣይዋ ያበጠውን እግር አየች። መሐላዋንም አሰበች። ሰውዬው የጠጣው ማርና ውኃ መሆኑን ታውቃለች። ምን ሊያደርግ ይችላል?

«ቤትሽ ግቢ ልጄ፤ ዕረፊ» አለቻት። «ዛሬ ምንም አይልሽም። በእኔ ይሁን።»

ሴትዮዋ እጇን ስማ ሄደች።

አናጢው ገና በብርሃን፣ ግድግዳ እየተደገፈ ቤቱ ገባ። እራት አልደረሰም ብሎ ጠብ ጀመረ። ከዚያ የነጋዴውን ስም እየጠራ ሚስቱን መታት። በነጋዴው ላይ ያላነሣውን እጅ ነው በእሷ ላይ ያነሣው። ጎረቤቶች ጩኸት ሰምተው ሲደርሱ ሆዷን አቅፋ መሬት ላይ ነበረች። ልጁ በማኅፀኗ ሞተ። ወንድ ነበር። ስም ሳይወጣለት ቀበሩት።

ሴትዮዋ ከአልጋ ስትነሣ አናጢው ሽማግሌ ሰበሰበ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ተደፋ። «እኔ አልነበርሁም» አለ፤ እንባው እውነተኛ ነበር። «ጠጁ ነው። የማደርገውን አላውቅም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ አዘኑለት። ታላቃቸው ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ «ልጄ፣ ሰይጣን በብርሌ ገብቶ ነው» አላት። «ከእንግዲህ ጠጅ እንዳይቀምስ እንገዝተዋለን። አንቺም ይቅር በይውና ድንጋዩን ይጣል።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን ልትከፍት ስትል ጠጅ ጣይዋ ከሕዝቡ መካከል ተነሣች።

«የጠጣው ብርዝ ነው» አለች።

ማንም አልገባውም። ስለዚህ ሁሉን ተናገረች፤ ሁለቱን ጋን፣ የጌሾውን ውኃ፣ አረቄ የነካውን ጨርቅ። መሐላዋንም በሕዝብ ፊት አፈረሰች።

አናጢው ከነድንጋዩ ቀና አለ። «ውሸቷን ነው! ሰክሬ ነበር! ጉልበቴ እንኳ ከድቶኝ ነበር፤ ያያችሁ ሰዎች መስክሩልኝ!»

አይተው ነበርና መሰከሩለት። ያን ጊዜ ሊቁ ከኋላ ወጣ። መልኩ አመድ መስሏል። «እውነቷን ነው» አለ። «ለግራዎቹ ብርዝ እንዲቀዳ ያዘዝሁ እኔ ነኝ።»

«አንተስ በሰው ቤት ላይ ምን ትመረምራለህ?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ጮኸበት።

የአናጢው ሚስት ግን ወደ ጠጅ ጣይዋ ብቻ ነበር የምታየው።

«ምንም አልነበረበትም?»

«ምንም፣ ልጄ። ልጆች የሚጠጡት ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመንስ?»

ባሏን ዞራ አየችው፤ አንድ የማታውቀው ሰው በሯን አንኳኩቶ እንደቆመ አድርጋ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ ማዶ መንገድ ጀመረች። «ይቅር» አላለችም፤ አልረገመችውምም። ሽማግሌዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ። አናጢው ድንጋዩን አውርድ የሚለው ሰው እየጠበቀ እዚያው ቀረ።

ሊቁ የፈለገውን መልስ አግኝቶ ከዚያ አገር ወጣ፤ ደስ ብሎት ግን አልወጣም። ጠጅ ጣይዋ ጋኖቿን ሸጠች። «መሐላሽን ስላፈረስሽ ነው?» ሲሏት፣ «አይደለም፤ ‹በእኔ ይሁን› ስላልሁ ነው» ትል ነበር። አናጢው ረጅም ዕድሜ ኖረ። እስኪሞት ድረስ ያገኘውን ሁሉ እየያዘ፣ «ጠጅ ነበር፤ እኔ ጣዕሙን አላጣውም» ይል ነበር። ጠጅ ካልነበረ እዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ማን እንደሆነ ያውቃላ።

እንግዲህ ደምለው፣ አንተ በሠርጉ የጠጣኸው እውነተኛ ጠጅ ነው፤ አልክድህም። ጠጅ አጥር ያፈርሳል። ነገር ግን በረት ውስጥ ያልነበረ ከብት፣ አጥሩ ቢፈርስ ከወዴት ይወጣል? በወንድምህ ላይ የያዝኸውን ቂም ከጠጁ በፊት አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። በዚያ ድግስ ከወንድምህ የባሰ የሰደበህ ሰው ነበረ አሉ፤ እሱን ግን አልመታኸውም።

ሽማግሌ ስትልክ «መጠጡ ነው» ብለህ ብትልክ፣ ወንድምህ ደግ ነውና ይቅር ይል ይሆናል። ግን ማንን ነው ይቅር የሚለው? ጋኑን ነው። ከጋኑ ጋር ይታረቃል፤ አንተ ሳትታረቅ ትቀራለህ፤ እንደዚያ አናጢ አንገትህን ደፍተህ ዕድሜህን ትጨርሳለህ።

ሂድና «እኔ ነኝ» በለው። ይማርህ አይማርህ እኔ አላውቅም። ሊምርህ ቢፈልግ ግን የሚምረው ሰው እዚያ ቆሞ ያግኝ።