የአለቃው የወረፋ ፕሮግራም

ዶክተር ልሳነወርቅ የሚባሉ አለቃ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የባለጉዳዮችን ወረፋ የሚይዝ ፕሮግራም ጽፈው፣ በየስብሰባው ስለሱ እያወሩ ሰው ያደነቁሩ ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ስም፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስም የት እንደሚገኝ ይዞ ይቆማል። ነገር ግን አንድ ባለጉዳይ ተስተናግዶ ስሙ በተሰረዘ ቁጥር ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ይዘጋል።

አንድ ቀን ሊገዙት በመጡ እንግዶች ፊት ተዘጋባቸው። አለቃው አፍረው፣ በሥራቸው ያለች አንዲት ምላሷ ስለታም ፕሮግራመር አስጠሩና "አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ!" ብለው ጮኹባት።

"እኔ አልነካሁትም፤ ስህተቱን ግን አግኝቼዋለሁ" አለች።

"የእኔ ሥራ ስህተት አለው ልትዪ ነው? በቃ፣ ተባረሻል! ውጪልኝ!"

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ እንግዶቹም ለመሄድ ተነሡ። ይሄኔ ዶክተሩን ላብ አጠመቃቸው።

"ነይ እስቲ አንቺ! ስህተቱ ምንድን ነው? ቀጥሎስ ምን ይደረግ?"

ልጅቷ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

"ፕሮግራሙ ቁርጥ እርስዎን ነው ጌታዬ። ተራው የደረሰውን መጀመሪያ ያባርረዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ ማን እንዳለ የሚጠይቀው ያንኑ ያባረረውን ነው" ብላቸው ወጣች።