የአህዮች ተወካይ

ተረት ተረት ስላችሁ በረቱን ክፈቱልኝ፤ አህዮች እየገቡ ነው።

ጭነት ስለበዛባቸው ከጌታቸው ጋር የሚነጋገርላቸው ተወካይ ሊመርጡ ተሰበሰቡ። በቅሎና አንድ የጭነት ፈረስ ለመመረጥ ቀረቡ።

«አባቴ አህያ ነው» አለች በቅሎ፣ ባለጥልፍ ኮርቻዋን እያስተካከለች።

አህዮቹ «ደማችን ናት» ብለው መረጧት። ፈረሱን ያነጋገረው የለም።

በማግስቱ ጌታቸው «አንቺ ደግሞ ምናቸው ነሽ?» ሲላት፣ በቅሎ «እኔ እንኳ እናቴ ፈረስ ናት» አለችው። እሱም እየሳቀ በየአህያው ላይ አንድ ጆንያ ጨመረ።

አህዮቹ እንደገና ተሰበሰቡ። በቅሎ «አባቴ…» ብላ ስትጀምር አሮጊቷ አህያ አቋረጠቻት።

«የአባትሽን ነገር ሰምተናል፣ ልጄ። አሁን ሁለታችሁም ጀርባችሁን ግለጡልን።»

የበቅሎ ጀርባ እንደ ሐር ያብለጨልጫል። ጭነት የላጠውን የፈረሱን ጀርባ ሲያዩ ግን አህዮቹ «ይሄማ የኛው ነው» አሉ።