የሊቀመንበሩ ድንኳን

በወረርሽኙ ወራት የቀበሌው ሊቀመንበር በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን አደነቆረው፤ «ርቀታችሁን ጠብቁ! ማስክ አድርጉ! ለቅሶ ቤት እንዳትሰበሰቡ!» የአንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ባል ሲሞትማ የዕድሩን ድንኳን ራሱ ቆሞ አስፈረሰ።

ብዙም ሳይቆይ የገዛ አማቱ አረፉ። መመሪያው ለሌላው እንጂ ለእሱ አይደለምና ሰፊ ድንኳን አስተክሎ ለቀስተኛ ቢጠብቅ፣ ዝር የሚል ሰው ጠፋ። በማግስቱ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ ጮኸ።

«ለቅሶ የማይደርስ ምን ዓይነት ጎረቤት ነው? ሁላችሁንም በዕድሩ አስቀጣችኋለሁ!»

ያቺው ሽንኩርት ቸርቻሪ ብድግ አለች።

«ኧረ ጌታው፣ ምን ቆርጦን እንቀራለን! ነፍሳቸውን ይማርና፣ ርቀታችንን ጠብቀን ከየቤታችን ስናለቅስ ነው የዋልነው። ድምፃችን ያልተሰማዎት ማስክ አድርገን ስለነበር ነው።»