በሰው ውሃ ቸር የተባለው ሹም

አንድ ሹም ነበረ። ከኪሱ ሰባራ ሳንቲም ሳያወጣ ቸር መባል የሚወድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሹም የትም አታጡም። የተሾመው በረሃ ዳር በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ላይ ነበር። ዝናብ በዓመት አንዴ ካየች እልል የምትል፣ ከአቧራ በቀር የተረፋት ነገር የሌላት ከተማ ናት።

ሹሙ እንግዳ እንዲጎርፍለትና ስሙ በየአገሩ እንዲነሳ ፈለገ። ስለዚህ በከተማዋ መግቢያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አስተከለ። ሰሌዳው «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እዚህ የሚታየው ሁሉ በነጻ ነው» ይላል። ከሥሩ ጀምበር ስትጠልቅ የሚቀላው ኮረብታ፣ የጥንት ሰዎች ሥዕል የሣሉበት ዋሻ፣ የጨው ነጋዴዎች ያድሩበት የነበረው ፍርስራሽ ተጻፈ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ኮረብታውን የሠራው እግዚአብሔር ስለሆነ ሹሙ በነጻ ነው ቢል ማንም አይከፋም። በመጨረሻ ግን «የእትዬ የሻረግ የወፎች ገንዳ» የሚል ተጨመረበት። እትዬ የሻረግን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

እትዬ የሻረግ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በከተማዋ ጫፍ በጉድጓድ ውሃ ጥቂት አትክልት እያለሙ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ቦታውን ያሳየቻቸው ግን ዋኔ የምትባለው የዱር ርግብ ነች። በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ዋኔዎች አንድ ቦታ እየወረዱ እርጥብ አፈር ሲጭሩ አይተው ነበር መቆፈር የጀመሩት። ውሃው የወጣ ዕለት ለሚስታቸው፣ የጠዋቱ የመጀመሪያ ባልዲ የእኛ አይደለም ብለው ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ የሻረግ ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያውን ባልዲ ይቀዱና በድንጋዩ ገንዳ ላይ ያፈሱታል። ዋኔው፣ ቆቁ፣ አንዳንዴም ሚዳቋው እየመጣ ይጠጣል። ባላቸው ካረፉ በኋላ የጠዋት ጓደኞቻቸው እነዚህ ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሲመጡ እትዬ የሻረግን ደስ አላቸው። በርጩማ አወጡ፤ ከጓሯቸው ቲማቲም ቀጥፈው አቀረቡ። እየዋለ ሲያድር ግን እንግዳው መንጋ ሆነ። አጥሩን ገፍቶ ይገባል፣ ደህና አደሩ እንኳ አይልም። አንዱ ወፎቹ ሲበሩ ፎቶ ላንሳ ብሎ ያጨበጭባል። ሌላው ከገንዳው እየቀዳ መኪናውን ያጥባል። ተዉ ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ በነጻ ተብሏል እኮ ይላሉ። እትዬ የሻረግ ባዶ የቀረውን ገንዳ ለመሙላት ደጋግመው ሲቀዱ የጉድጓዱ ውሃ ሸሸ፤ ገመዱ አልደርስ ስላለ ሌላ ገመድ ቀጠሉበት። ከዚያም አንድ ጠዋት ገንዳው ላይ አንድም ወፍ ሳይወርድ ቀረ። በማግስቱም አልወረደም። እትዬ የሻረግ ባላቸውን ዳግመኛ የቀበሩ መሰላቸው።

ተናደው ሹሙ ቤት ሄዱ። ሹሙ በወይን ሐረግ ጥላ ሥር፣ ውሃ ሽቅብ በሚረጭ ፏፏቴ አጠገብ ተንፈላሶ ተቀምጧል። የደረሰባቸውን አንድ በአንድ ነገሩት፤ እሱም ፈገግ ብሎ ሰማቸው።

«በነጻ ነው እኮ እትዬ የሻረግ» አላቸው። «ማን ምን ከፈለ?»

«እኔ ከፈልኩ» አሉት።

ሹሙ ሳቀ። በእርስዎ ገንዳ ከተማችን ቸር ተብላለችና ሊኮሩ ይገባል፣ እንዲያውም ጠዋት በሩን ቀደም አድርገው ቢከፍቱ መልካም ነው ብሎ መከራቸው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው።  እትዬ የሻረግ ሲወጡ ጥላውን፣ ወይኑንና ፏፏቴውን ቆም ብለው አዩት።

በማግስቱ ጠዋት አጥራቸው ላይ ለተኮለኮሉት እንግዶች፣ ወፎቹ እንደሄዱ ነገሯቸው። አዝነው እንዳይመለሱ ብለውም፣ የሹሙ ግቢ ጥላም ውሃም አለው፣ ሰሌዳው የሚታየው ሁሉ በነጻ ነው ይል የለ ወይ ብለው መንገዱን አመለከቷቸው። እንግዳው ተንጋግቶ ሄደ። ፀሐይ ሳትበረታ ልጆቹ ፏፏቴው ውስጥ ይንቦጫረቁ ጀመር። አንዱ ወይኑን ሸመጠጠው። ሌላው በሹሙ ወንበር ላይ እግሩን አንፈራጦ ፎቶ ተነሳ። ዘበኛው ሊያስወጣቸው ቢሞክር በነጻ ተብሏል እኮ አሉት።

ሹሙ እየጮኸ፣ እንግዳውም ምን ሊሆን ነው ብሎ እየተከተለው፣ እትዬ የሻረግ ደጅ ደረሰ። የትናንቱ አክብሮት ጠፍቷል።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ። «በሰው ቤት ላይ ማን አዛዥ አደረገሽ?»

እትዬ የሻረግ ባልዲያቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ይህን ጥያቄ ሰሌዳውን ስታስተክል ነበር መጠየቅ የነበረብህ» አሉት። «የራስህን ብትሰጥ ቸርነት ነው። የእኔን ስትሰጥ ግን ዘረፋ ነው። ምስጋናውን የምትቀበል አንተ፣ ገመዱን የምጎትት እኔ።»

 ከእንግዶቹ መካከል መኪናውን ያጠበው ሰውዬ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። በዚያው ቀን የእትዬ የሻረግ ስም ከሰሌዳው ተፋቀ። ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ሰሌዳ ይፍቃል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም።

ወፍ መመለስ ግን ስም እንደ መፋቅ አይቀልም። ያን በጋ ሙሉ አልመጡም። እትዬ የሻረግ እየተናደዱም፣ እያለቀሱም፣ የመጀመሪያውን ባልዲ ማንም በማይጠጣበት ገንዳ ላይ ማፍሰሳቸውን አልተዉም። አንድ ጠዋት አንድ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እናቴ፣ መግባት ይፈቀድልኛል?» አላቸው።

ቆመው አዩት። ሰሌዳው ከተተከለ ወዲህ ይህን የጠየቃቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ግባ ልጄ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ አሉት። አብረው ተቀመጡ። አንዲት ዋኔ ወርዳ ግራ ቀኝ እያየች ጠጣችና ሄደች። እንግዳው ሲነሳ ሁለተኛውን ባልዲ ራሱ ጎትቶ አወጣላቸው።

ወዳጆቼ፣ በነጻ የሚባል ነገር ስታገኙ ገመዱን የሚጎትተው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የእግዜር ስጦታ ካልሆነ በቀር በነጻ የመጣልን ሁሉ የአንድ ሰው ድካም አለበት። በሌላ ሰው ድካም ቸር የሚባል ሰው ደግሞ ከሌባ የሚለየው ሌባው ባለመመስገኑ ብቻ ነው። እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፤ እስከ ዛሬ ቸር የተባላችሁት በማን ውሃ ነው?